ላጲስ

የልጆች ላጲስ ነው፣ ነጭ፣ ባለ አሥር ብር፣
ፒያሳ የገዛሁት ከፖስታ ቤቱ ሥር።
ስሕተት ማጥፊያ ነበር፣ ለዚያ ነው የሠሩት፤
በእኛ ቤተ ሙከራ ማንበብ አስተማሩት።
የብራናን ኅዳግ እሽት ሳደርገው
ፍርፋሪ ይረግፋል፣ አቧራ የሚያህለው፤
በብልቃጥ ሰብስቤ፣ ቁጥር ጽፌበት፣
እልከዋለሁ ማሽኑ ወዳለበት ቤት።

መጽሐፉ ዳዊት ነው፣ የአባቴ ቅርስ፣
ከአያቱ ወርዶ ለመሪጌታ ይኄይስ፤
ማኅደሩ እንደ ጠላ ማሰሮ ጠቁሮ፣
ኅዳጉ በእጅ ወዝ እንደ ነብር ተዥጎርጉሮ።

ሦስት ወር ጠበቅን። ውጤቱ በኢሜይል፦
«ቅጠል ሃያ ሁለት፦ እንስት፤ ዝርያ፦ ፍየል።»
አባቴ ሳቀ። «ለዚህ ነው ሦስት ወር?
አፍንጫዬ በነጻ ይነግርሽ ነበር።»

«ግን እኮ» አልኩት፣ «በአራት ፊደል ነው የተጻፈችው፤
ቀንዷም፣ ጢሟም፣ ወተቷም።» ራሱን ነቀነቀው።
«ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ያስቆጠርኩት ተማሪ
ስሙን መጻፍ ያቅተዋል። የፍየሏስ አስተማሪ
ማን ይሆን?» አለና ቀና አለ ወደ ጣራው፤
እኔ መልስ አልነበረኝም፣ ማሽኑም አላወራው።

የእህቴ ልጅ ያፌት ሠዓሊ ነው፣ በስልኩ፤
ባጃጅ ይሥላል፦ ክንፋም፣ ዓይነ ትልቅ መልኩ፣
የአዘዞን አቀበት ሲበር በደመና፤
ሠላሳ ሺህ ተከታይ አለው፣ እንጀራ የለውም ገና።
«አራቱን ፊደል ስጪኝ» አለኝ። ላክሁለት።
ለእያንዳንዱ ፊደል ቀለም መረጠለት፦
ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፤ ያው ጥንት የነበረው፣
የግድግዳ ሠዓሊ በሙጫ የለወሰው።

ቅዳሜ አመሻሹን፣ በማራኪ አዳራሽ፣
ፍየሏ በግድግዳው ወረደች እንደ ደራሽ፤
ቀንድ የላት፣ ጠጉር የላት፣ ቀለም ብቻ፣ ጎርፍ፤
የተማሪው ስልክ ሁሉ ተነሣ እንደ ጧፍ።
አባቴ ዓይኑ ደክሟል፤ ከፊት ነው ያስቀመጥኩት።
«ታየችህ?» አልኩት፤ ጆሮው ሥር ጮኬ ጠየቅኩት።
«ፊቴን ሞቀኝ» አለ።
ወዲያው መብራት ሄደ፤ ሕዝቡ «ኦ!» እያለ።

በጨለማው ተነሥቶ፣ እጁን ዘርግቶ፣
ግድግዳውን ዳሰሰው፣ ላይ ታች፣ ተጠግቶ።
«ይኼ ኖራ ነው» አለ፤ «ይቀዘቅዛል፣ ቆዳ የለው።
ያፌት፣ የኔ ልጅ፣ ፍየሏስ ወዴት ነው?»
ያፌት መልስ ሳይሰጥ ባትሪውን አበራ፤
ከኋላው መቶ ስልክ በራ ተራ በተራ።

ሲነጋ ሁለት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል።
ፍየሏን አይደለም። በስልክ ብርሃን ይታያል
የአባቴ እጅ፣ ኖራ ላይ፣ ቆዳ ፍለጋ፤
አንዱ «ጥበብ» ይላል፣ አንዱ «እብድ»፣ አንዱ «ስንት ነው ዋጋ?»

የኢሜይሉን ሁለተኛ ገጽ አልነገርኩትም ነበር።
በማግሥቱ ማታ፣ ጄኔሬተር ሲጮህ ከጎረቤት አጥር፣
አነበብኩለት። የሰው ዱካ አለ ከኅዳጉ ዳር፦
ከትንፋሽ፣ ከምራቅ፣ ከተሳለመ ከንፈር።
የስንት ሰው እንደሆነ ማሽኑ አይለይም፤
ስም የለውም፣ ዘመን የለውም፤ ብቻ፣ የለም አይልም።

ማንበብ የማትችለው እናቴ፣ በየማለዳው፣
እዚያው ሥዕል ያለበት ቅጠል ነበር የምትስመው።
ዘጠኝ ዓመት ሆናት ካረፈች። አባቴ
እጁን ዘረጋና፦ «ላጲሷን ስጪኝ እስቲ፣ እሜቴ።
ስሕተት አልነበረም እዚያ ያጠፋሽው፤
ፍርፋሪ ነው ያልሽኝ፣ እሷን ነው የፈገፈግሽው።»

ሰጠሁት። ከማኅደሩ፣ ከዳዊቱ ጋር ከተታት።
አንዲት ብልቃጥ ግን ቤተ ሙከራው፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ናት፤
ቁጥሯ ሰባት ነው። ትናንት ስም ልጽፍባት
አወጣኋት፤ እስክሪብቶው
በረዶው ላይ አልጽፍ አለ። ተውኳት።