አምስት ነጥብ ለትርንጎ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልብን ስሥል በጠመኔ፣
ቀዩን በቀይ፣ ሰማያዊውን በሰማያዊ፣ አንድ ቀን ሳልሮጥ እኔ፣
አሁን ሐኪሙ «ስኳርዎ ጫፍ ላይ ነው፤ ይንቀሳቀሱ» ቢለኝ፣
የልጄን ሸራ ጫማ አጥልቄ ወጣሁ፤ ጎህ መንገድ ላይ አገኘኝ።

ጣና ገና አልነቃም። ጭጋጉ ደንገሉ ላይ ተኝቷል፤
አንድ ታንኳ ብቻ፣ ቀስ እያለ፣ ውኃውን ይቀሰቅሰዋል።

የመጀመሪያው መቶ ሜትር ቀላል ነው፤ ማንም ምንም አልጠየቀኝም፤
ጡንቻዬ ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ ከፈለ፤ ትንፋሼን አልጠበቀኝም።
ሳንቲሟ ግን አለቀች፣ ከሦስተኛው ዘንባባ ሥር፤
ጭኔ እሳት በላ፤ ደረቴ ሆነ የተቆለፈ በር።

ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፣ ከውስጤ፣ ድምፅ የሌለው ነጋሪ፣
ከራስ ቅሌ ሥር ተነሥቶ «ደቦ ነው!» ሲል፣ ጎረቤት ጠሪ።
ከኩላሊቴ ጫፍ የተቀመጠች፣ እፍኝ የማትሞላ ዕጢ ነቃች፤
ልቤን በአለንጋ ሾጥ አድርጋ የጉበቴን ደጅ አንኳኳች።

ጉበቴ ቋጣሪ ነው፤ የማታውን ድንች በጎተራው የቆለፈ፤
ዛሬ ግን በሩን በረገደ፤ ስኳሩ በደሜ ጎዳና ጎረፈ።
ሐኪሙ የፈራው ያ ስኳር! ጠላቴ ያልሁት እንግዳ!
ሥራ ሲያገኝ ሰው ሆነ፤ ጭኔ ውስጥ ገባ ያለ ዕዳ።

ድያፍራሜ እንደ አንጥረኛ ወናፍ
ሲወርድ ሲነሣ፣ የሐይቁን አየር ሲስብ በአፍንጫ በአፍ፣
ቀዮቹ የደም ሕዋሳት፣ እንደ ታንኳ ሁሉ ጠፍጣፋ፣
ኦክስጅን ጭነው ወረዱ፣ ቀጭኑ ደም ሥር እስኪጠፋ።
ሲመለሱም ባዷቸውን አይደለም፤ የምድጃውን ጭስ ይዘው፣
በአፌ በኩል ለጥር ብርድ፣ ነጭ አድርገው፣ ሰጡት መንዝረው።

በዚህ መሀል ባጃጅ ቀረበኝ። አንሙት ነው፣ የአሥረኛ ዲ ተማሪዬ፤
«ቲቸር፣ ማን አባረረዎት? ይግቡ!»
እጄን አወዛወዝሁ፤ ለቃል የሚተርፍ ትንፋሽ የለኝም፣ ጌታዬ።
ሳቀ። ከጎኔ ትንሽ ዝግ ብሎ ነዳና አለፈ።

ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ቆዳዬም ለካ ሥራ ላይ ነበር፣
የምድጃውን ትኩሳት እየቀዳ ለነፋስ ሲያበድር።
ይህን ሁሉ አስተምሬ ነበር። ምዕራፍ አራት፣ ምዕራፍ አምስት፣
ሳንባውን ሰኞ፣ ልቡን ረቡዕ፣ ጉበቱን ከፋሲካ በኋላ፣
እንዳይተዋወቁ አድርጌ።

እና ድልድዩ አጠገብ፣ ዓባይ ከጣና በሚለይበት፣
ትዝ አለችኝ ትርንጎ፣ ከኋላ ወንበር፣ መስኮቱ ዘንድ የነበረች ልጅ።
ጥያቄ ሰባት፦ በሩጫ ጊዜ ዋናው አካል የቱ ነው? አብራሩ።
መልሱ «ልብ» ነበር። እሷ ግን እንዲህ ጻፈች፦
«ዋና የለም። ሁሉም የሚደክሙት
አንድ እግር ከመሬት ለማንሣት ነው።
ልብም ራሱ የሚበላው ከሌሎች እጅ ነው።»

አምስቱንም ነጥብ ነሣኋት።
ቀዩ ቀለም እስከ ወረቀቱ ጀርባ ዘለቀ።

ድልድዩ ላይ ቆምሁ፣ ጉልበቴን ይዤ፣ አጎንብሼ፤
ከታች ውኃው ይሄዳል፤ ከላይ እኔ፣ ገና ሳልጨርስ ተመልሼ፣
ከጎተራ፣ ከወናፍ፣ ከአለንጋና ከታንኳ
ማን እንደሚበልጥ ልለይ ብል፣ አልቻልሁም እኔው እንኳ።
«አባት፣ እዚህ መቆም ክልክል ነው» አለኝ ዘበኛው።

የት እንዳለሽ አላውቅም፣ ትርንጎ።
ምናልባት ልጆች ወልደሽ፣ ምናልባት ጥያቄ ሰባትን ረስተሽ።
አንድ እግሬን አነሣሁ።
አምስት ከአምስት።

አሁን ደግሞ ሁለተኛው፤
ቤት ሩቅ ነው፤ የልጄ ጫማም ይነክሳል።