የተረበሸ አፈር

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያልቅበት፣
ኮንዶሚኒየሙ ጥላ ከሚጥልበት፣
በችካልና ሲባጎ መሬቱ ተሸንሽኖ፣
አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ልክ እንደ ገበጣ ሆኖ።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ጋሽ ዘርጋው ስም ጠርቶ፣
ባልዲና መጥረጊያ ከኮንቴይነር አውጥቶ፣
«ቀስ በሉ» ይለናል፤ ሌላ ትእዛዝ የለም፤
እዚህ ይጠረጋል እንጂ አይቆፈርም።
እርፍ የለመደ እጄን ብሩሽ አስጨበጡት፤
በመጀመሪያው ሳምንት ስንቴ አስደነገጡት።

ሌንሳ ወንፊት ስትነፋ አቧራ ያለብሳታል፤
ሽፋሽፍቷ ነጭ ሆኖ እርጅና ቀድሟታል።
ባልጩት ብልጭ ሲል ግን፣ ጥቁር፣ እንደ ዓይን ብሌን፣
ያኔ «አገኘሁ!» ስትል ሁላችን ብድግ አልን።
ዶክተር የውብዳር መጥታ ባጉሊ ታየዋለች፤
በፕላስቲክ ከረጢት ቁጥር ትሰጠዋለች።
«ቢላ ነው» አለችን፣ «ቆዳ ሲፍቁበት፣
ስንት ሺህ ዓመት ሆነው!» እኛ ዝም አልንበት፤
ኩምሳ ግን በጣቱ ስለቱን ቢሞክረው
ደሙ ጠብ አለ፤ ዛሬም ይቆርጣል ያ ሰው።

ምሳችን ከሸራ ሥር፣ ዳቦና ቃሪያ ነው፤
ወሬያችን አበል ነው፣ ወሬያችን ኪራይ ነው።
«የባልጩቱ ባለቤት ኪራይ ይከፍል ነበር?»
አለ ኩምሳ። ሳቅን። ሲኖትራክ ሲያልፍ ምድር
ተንቀጥቅጣ፣ ከጉድጓዱ ግድግዳ ወረደ ጠጠር።

ማክሰኞ ነው መሰለኝ፣ ግድግዳውን ስትስል፣
ሌንሳ ንብርብሩን በየቀለሙ ስትከፍል፣
አየሁት ጽሑፉን፣ ከላይ፣ ከሣሩ ሥር፦
«ንብርብር አንድ፦ በእርሻ የተረበሸ አፈር።
ፋይዳ የለውም።»
                ያ አፈር የአባዬ ነበር።

ሦስት ጊዜ አርሶ፣ አለስልሶ፣ ጤፍ የዘራበት፤
በካሳ ሲለቅም ድንበሩን ቆሞ ያየበት።
መረበሽ ነው ለካ! አርባ ክረምት ሙሉ
ሲረብሽ ኖሯል አባዬ፣ ከነበሬው ሁሉ።
ለሌንሳ አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት?
እሷም ልክ ናት፤ ትምህርቱ እንዲህ ነው ያስተማራት።

በነጋታው ወንፊቱ ላይ ዝገት ቀረ፤ ብረት፣
መዳፍ የሚያህል፣ ጫፉ የጎደለበት።
ማረሻ።
ዶክተሯ አገላብጣ «የቅርብ ጊዜ ነው» አለች፤
«ወደ ቁልሉ ጣሉት።» ወደ ባልጩቷ ተመለሰች።
አልጣልኩትም። ቱታዬ ኪስ ገባ፤
ጭኔን ሲመታኝ ዋለ፣ ስወጣና ስገባ።

ሰኔ ሲገባ፣ ዝናቡ ሳይጠና በፊት፣
ጉድጓዱ ይሞላል፤ ለዚህም አለው ሥርዓት፤
ከታች፣ ከሁሉም በታች፣ ፕላስቲክ ይነጠፋል፣
ከላዩ የዘንድሮ አንድ ብር ሳንቲም ያርፋል።
«ወደፊት የሚቆፍር እኛ እንደነበርን ይወቅ»፣
አለች ዶክተሯ። ጎንበስ አልኩ፣ እንዳልታይ፣ እንዳልጠየቅ፤
ማረሻውን ከሳንቲሙ ጎን አጋድሜ ተውኩት፤
የመጀመሪያውን አካፋ እኔው ደፋሁበት።

ከሺህ ዓመት በኋላ ሌላ ሌንሳ መጥታ፣
የኮንዶሚኒየሙን ስብርባሪ በወንፊት ነፍታ፣
ከባልጩቱ በታች ብረት ብታይ ተኝቶ፣
የትኛው ንብርብር ነው ትበል፣ እርሳሷ ጣቷ ላይ ቀርቶ፤
ጥቂት ትረበሽ እሷም።