ፈቺ

ጃን ተከል ዋርካ ሥር ቁልፍ እቀርጻለሁ፤
አርባ ስድስት ዓመት የሰው በር ከፍቻለሁ።
ቁልፉ ሲጠፋበት፣ ሲሰበር ጥርሱ፣
ሌሊት ሞቅ ብሎት ሲዘጋ በራሱ፣
«ፈንታ ይምጣ» ይላል፣ ከቀሃ እስከ አዘዞ።
አንድ ህልም ግን አለ፣ የኔን መክፈቻ ይዞ።

የፋሲል መዋኛ ደርቋል፣ ጥምቀት አልፎ ከርሟል፤
የዋርካው ሥር ግንቡን እንደ ጣት ጨምድዶታል።
ከገንዳው ወለል ላይ፣ ቅጠል ከሞላበት፣
ወንድሜ ይሄዳል በዚያው በወጣበት
በሸበጡ። ስሙ ዋኘው ነው፤ ውሃ ግን የለበት።
ታላቄ ነበረ፣ ዛሬ ልጄን ያክላል።
ከኪሱ ያወጣል፣ በእጄ ያስጨብጠኛል
አንድ ቁራጭ ሳሙና።
«ፈንታ፣ ቶሎ በል» ይላል።
ምኑን? ልለው አፌን ስከፍት
አልጋዬ ላይ ነኝ፣ አፌ እንደተከፈተ።
«ደግሞ ጮህክ» ትለኛለች ይታይሽ፣
ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ።

እስረኛ ይፈታል። የሞተም በቄስ ይፈታል።
ህልምም ቢሆን ይፈታል ይላሉ።
ዋኘው ግን ከሦስቱ በአንዱም አልተፈታ።

እማሆይ ትብለጥ ዘንድ ቁስቋም ድረስ ወጣሁ።
ቆባቸውን እያቀኑ፣ ሁሉንም አወጋሁ።
«ህልም እንደ ፈቺው ነው። ሳሙና ንጽሕና፤
የወንድምህ ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ናትና
ተዝካር አውጣ» አሉኝ። አወጣሁ።
ጠላው አለቀ፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ ሰው ሄደ፤
በሦስተኛው ሌሊት ሳሙናውን ይዞ ዋኘው ወረደ።

ኮሌጅ ሆስፒታልም፣ ልጄ እየገፋችኝ፣
አንዲት ለጋ ሐኪም ወንበር ሰጠችኝ።
እስክሪብቶዋን ታኝካለች። «አባባ፣ ሰው ውስጡን
ይቆልፍና አንድ ቀን፣ ቁልፉን የጣለበትን
ይረሳዋል» አለች። ሳቅሁባት።
ለቁልፍ ሠሪ ቁልፍ ታስተምራለች፣ ልጅ ናት።
የክኒኑ ወረቀት አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።

ትናንት ይታይሽን ወገቧን አሟት
ሰሐን አጣቢው እኔ ሆንኩ።
አውራ ጣቴ ሳሙናው ውስጥ ሰጠመ።
ሳነሳው ጉድጓዱ ቀረ።
ውሃው እየፈሰሰ እዚያው ቆምኩ።

ሰባ ነበር ዘመኑ፣ አሥራ አምስት ዕድሜዬ።
ወህኒ ቤት ለዋኘው ስንቅ ትወስዳለች እምዬ፣
ባዶ ሰሐን ይዛ ትመለሳለች ማታ።
አጥቢው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ታዲያ
ከፍርፋሪው በታች፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣
ሳሙና አገኘሁ፣ የቁልፍ መልክ አዝሎ።
ጥርሱ ሦስት። አንገቱ ቀጭን።
ሸህ ኑርዬ ዘንድ ሞረድ ከያዝኩ ዓመቴ ነው፤
እችል ነበር። በዓይኔ ቀረጽኩት ኧረ፣ ጨረስኩት።
እጄ ግን ፈራ።
ከደጅ ኮቴ ሰማሁ፣ ወይ መሰለኝ።
ሰሐኑን በዚያ ሳሙና አጠብኩ። ማንኪያውን። ብርጭቆውን።
የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። እጄን።
አንዱ ጥርስ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እስኪጠፋ፣
አረፋ እስኪሆን፣ ከአጥር ውጭ እስኪደፋ።
ለእምዬ አልነገርኳት።
በአራተኛው ቀን በሩ ላይ
«ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አሏት።

ከዚያ ወዲያ ረሳሁት። እውነቴን ነው።
ሰው ይህን እንዴት ይረሳል? እኔ እንጃ።
በዚያው እጅ የስንቱን ሰው በር ከፈትኩ።

ሌሊቱን ሱቅ ገባሁ። መብራት የለም፤
በሞባይል ብርሃን ናስ ቆርጬ ሞረድኩ፣
ሦስቱን ጥርስ፣ ቀጭኑን አንገት።
እጄ አልተሳሳተም፣ አንዴም አልለካሁ።
ሚስማር ላይ ሰቅዬው፣ ገብቼ ተኛሁ።

ገንዳው እንደ ደረቀ ነው። ዋኘው ማንቆርቆሪያ ይዟል።
ቁልፉን ብዘረጋለት አላየውም።
«እሱን ተወው» አለኝ።
«ና፣ ላስታጥብህ።»
ማንቆርቆሪያውን አዘነበለ፤
ውሃውን ከየት አምጥቶት እንደሁ እንጃ፣ ድምፁ ይሰማል።
እጄን ልሰጠው ስል
ከደጅ ባጃጅ ጮኸ።

ደረቅ ነው እጄ።
ተነሥቼ፣ በጨለማ፣ አሸተትኩት።