ጓንቴን የያዘችው

ጥር በገባ በሦስተኛው እሑድ፣ በፔይፕሲ ዳር፣
ሐይቁ መንገድ ሆኖ ሲያድር፣
ካሜራዬን ከካፖርቴ ጉያ አወጣለሁ፣
ቀጥዬም ጓንቴን አወልቃለሁ፤
የቀኙን ብቻ።
ቁልፉ ለሱፍ አይታዘዝም፣ ራቁት ጣት ይፈልጋል፤
ፎቶም እንደ መንግሥት ነው፣ ግብሩን በቆፈን ይቆርጣል።
«ጣትሽን ውርጭ ቢበላው» ትላለች እናቴ ሳልሜ፣
«ማንኪያውን በምን ልትይዢ? በወረቀት?»

ያወለቅሁትን ሰው ይይዝልኛል።
በረዶ ላይ ቢያስቀምጡት ይርሳል፣
ኪስ ቢከቱት ይረሳል።

ሠላሳ አንድ ጥር፣ ሠላሳ አንድ ፎቶ፤
በአንዱም የለሁም።
ቀዩ ጓንቴ ግን አለ፣ ሁሌም በሰው እጅ ገብቶ።
(ባረጀ ቁጥር እናቴ በዚያው ቀይ ክር መልሳ ትሠራዋለች።)

በመጀመሪያው አባቴ ነው፣ ካሬል፤
ጓንቴን እንደ ዓሣ በጅራቱ አንጠልጥሎ፣
ከንፈሩን ገጥሞ፣ ኮስተር ብሎ።
ቁጣ አይደለም፤
ግግሩ ላይ ወድቆ ሁለት የፊት ጥርሱን የጣለ ሰሞን ነው።

ከዚያ ወንድሜ ኦት፤
ራሱ ላይ ሰክቶት፣ እንደ አውራ ዶሮ ጉትዬ።
አራት ጥር ዶሮ ሆነ።
በአምስተኛው ሄልሲንኪ ሄደ፣ መርከብ ሊበይድ።

በሰባተኛው ሄልጊ ገባች።
ጎረቤት ናት፤ ዓሣ በጭስ የምታበስል፣
ጠጉሯ ሳይቀር ጭስ ጭስ የሚል።
ቅርጫቷን ይዛ ስታልፍ «እስቲ ያዢልኝ» አልኳት።
ያዘች። ቆመች። ቀረች።
ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ እናቴ ጣቷን ከጫፉ አሳረፈች፦
«ይህ የቤተሰብ ነው። ሴትዮዋን ቁረጫት።»
መቀሱን አነሣሁ።
ጓንቱ ግን በእሷ እጅ ነው፤
እሷን ስቆርጥ፣ የምቆረጠው እኔ ነኝ።

ብርሃንንም ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ሟች ባሏ ፎቶ ቤት ነበረው።
«ካሜራ ጠርጣሪ ነው» ትላለች፣
«ይህን ሁሉ ንጣት አያምንም፤
ሰው አይደለም እንዴ የሠራው?
ግራጫ ያደርግብሻል።
አንቺ ብርሃን ጨምሪለት፤ ደፍረሽ ጨምሪለት።»

አባቴ በሌለበት ጥር
ማንም በቦታው አልቆመም።
መሃል ላይ ክፍተት፤ በክፍተቱ የካራካት ጎማ ፈለግ፣
ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ጉድጓድ የሚነጉድ።
ሄልጊ በወዲያ፣ ጓንቴን ይዛ፤
እናቴ በወዲህ፣ ባዶ እጇን።
ልጫን ስል
እናቴ ክንዷን ዘረጋች፣
በክፍተቱ ላይ አሻግራ የጓንቴን አውራ ጣት ያዘች።
ምንም አልተባባሉም።
ቁልፉን ተጫንኩ።

ዘንድሮ ሐይቁ አልጨከነም።
በጥር አጋማሽ ዳር ዳሩ ውሃ አቅርሯል፤
ባለ ካራካቶቹ አጥር ተደግፈው ሰማዩን ይወቅሳሉ።
እናቴ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች።
ጓንቴን ብዘረጋላት ሄልጊ እጇን መለሰች፦
«ዛሬ ካሜራውን ወዲህ በይ። አንቺ የእኔን ጓንት ያዢ።»
ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤
ጣቷ ነፋስ እንዳገኘው ሸምበቆ ይንቀጠቀጣል።

ፎቶው ደረሰ፤ የጠመመ፣ የደበዘዘ፤
በረዶው ዐመድ መስሏል፣
ብርሃን መጨመሩን ረስታዋለች።
ከእናቴ ጎን አንዲት ሴት ቆማለች፣ አፏን ከፍታ።
እኔ ነኝ። «ጨምሪ፣ ጨምሪ» እያልኩ ነበር።
በእጄ ያለው ጓንት ዓሣ ይሸታል፤
ወረቀቱ ይህን አልያዘልኝም።

እናቴ መነጽሯን አስተካክላ አየችው።
«ይቺ አፏን የከፈተች ማናት?»
ሄልጊ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዘነበለችው፦
«ከጫፍ ናት፤ እንቁረጣት እንዴ?»
ሁለቱ አሮጊቶች ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ሳቁ።
መቀሱን ከጠረጴዛው አነሣሁና ኪሴ ከተትኩት።