ከማንኪያው በኋላ

ሰዓት ጠጋኝ ነኝ፣ ጎንደር ፒያሳ፣ ከአንድ ደረጃ ሥር፣
ቁጭ ብዬ የምውል ከጥርስና ከሽቦ ጋር።
የሰው ሰዓት ቢቀድም፣ ቢዘገይ፣ ቢቆም ቀጥ ብሎ፣
ወደ እኔ ይመጣል በመሀረብ ተጠቅልሎ።
“ምን ነካው?” ሲሉኝ ጀርባውን ከፍቼ አያለሁ፤
ልጄ የቆመች ቀን ግን፣ በየት በኩል እከፍታለሁ?

ስድስት ወሯ ነበር። ሐመልማል እንላታለን።
“ከጡት ሌላ ጥቂት ትቅመስ” ተባባልን።
ትርንጎ አጃ ገዛች፣ ከቅዳሜ ገበያ፤ ለቅማ፣
አጥባ፣ አስጥታ፣ አስፈጭታ፣ ነፍታ፤ ጠጠር የለውማ!

የመጀመሪያው ቀን አፏን እንደ ጫጩት ከፈተች፤
አራት ማንኪያ በላች፣ አምስተኛውን ተፋች።
ደህና አደረች። በማግስቱም። ኩራት ኩራት አለን፤
“ይቺ ልጅ እህል ትወዳለች” ብለን ለሰው አወራን።

ሦስተኛው ቀን፣ በሦስት ሰዓት በላች።
በአራት ተጫወተች፤ የጫማዬን ክር ነከሰች።
አምስት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀር፣
ሆዷ ተገለበጠ፣ የምታወጣው እስኪቸግር።
ወተቱ፣ አጃው፣ አረንጓዴ ውሃ ተከተለ፤
ከዚያ ጉሮሮዋ ደረቅ ቧንቧ የሚለውን አለ።
አመድ መሰለች። እጇ በእጄ ላይ በረዶ፤
አንገቷ ክንዴ ላይ፣ እንደ እርጥብ ፎጣ ወርዶ።

ባጃጁ ጥሩምባውን እየነፋ ሆስፒታል አደረሰን፤
ግሉኮስ ተከሉላት፣ “ኢንፌክሽን ይሆናል” አሉን።
ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ነቅታ ሳቀችብን።

“ዓይን በልቷት ነው” አለች የግቢያችን አከራይ፤
“የጥርስ ነው” አለ ወንድሜ፣ ድዷን ገልጦ ሊያይ።
“እንጥሏ ወርዶ ነው” አሉ እትዬ አስናቁ፣
“አዘዞ ቆራጭ አለ፤ ዛሬውኑ ውሰዷት፣ አትሳቀቁ!”
ትርንጎ ልጇን አቅፋ በሩን ከውስጥ ቆለፈች፤
“ምላጭ የያዘ ሰው ደጄን አይረግጥም” አለች።

ከሳች ብለን፣ ትጠንክር ብለን፣ በሳምንቱ
ያንኑ አጃ ሰጠናት፤ እያደር ነው ጸጸቱ።
እንደገና ሁለት ሰዓት። ያው አመድ፣ ያው ብርድ፣ ያው ባጃጅ፤
ነጂው ሂሳብ ሳይቀበል ቆሞ ቀረ ከሆስፒታሉ ደጅ።

ያን ሌሊት፣ አግዳሚው ላይ፣ አንድ ነገር ከነከነኝ፦
የተበላሸ ሰዓት አውቃለሁ፤ ይሄ ግን ብልሽት አይመስለኝ።
ይሄ የደወል ሰዓት ነው፤ አንድ እጅ የሚሞላው፣
ሁለት ሰዓት ዝም ብሎ፣ ቆይቶ የሚጮኸው።
“የማን እጅ?” ብዬ ብፈልግ፣ ማንኪያ የያዘው የኔው።

በደረሰኝ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመርኩ፦
ሙዝ፣ ምንም። ድንች፣ ምንም። ዱባ፣ ሦስት ቀን ጠበቅኩ።
ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ወረቀቴን ሁለቴ አነበበች።
“ሽፍታ? ትንፋሽ ማጠር?” የለም። “ስንት ቆይታ ታስመልሳለች?”
“ሁለት ሰዓት፤ አንዴ አሥር ደቂቃ ጎድሎ።” እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

“አለርጂ ነው” አለች፤ “ግን ቆዳ ላይ የማይወጣ፣
ከአንጀት የሚነሣ፣ ዘግይቶ የሚመጣ።
ጥፋታችሁ አይደለም። አጃ ግን አትስጧት።
ብዙዎቹን ሲያድጉ ይተዋቸዋል፤ ጊዜ ስጧት።”

ጊዜ ስጧት! ለሰዓት ጠጋኝ ይህ ይባላል?
ጊዜ ሳስተካክል እንጂ፣ ስሰጥ ማን ያውቀኛል?
ትርንጎ ግን አለቀሰች፣ አሁን ገና ገብቷት ቃሉ፤
ጠጠር ለቅማ፣ ለቅማ፣ ጠጠሩ ራሱ እህሉ።

ዘንድሮ ሦስት ዓመቷ። “እንሞክር” ብላ ጠራችን፤
አልጋ፣ መርፌ ተዘጋጅቶ፣ አንድ ማንኪያ አጃ በፊታችን።
ሦስት ሰዓት ከሩብ። በላች። “ጨው የለውም” ብላ አማችው።
ትርንጎ ጣቶቿን ይዛ፣ ደጋግማ ቆጠረቻቸው።

የግድግዳው ሰዓት አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል፤
ሌላ ቀን ቢሆን ባወረድኩት፤ ዛሬ እጄ ፈርቷል።
ሐመልማል አልጋው ላይ ቆማ፣ “አባ፣ ምሳ መቼ ነው? ራበኝ!”
አምስት ሰዓት ነው። ሩብ ይቀረናል፤ በግድግዳው፣ አሥራ ዘጠኝ።