ኦሪጅናል

ታይዋን ተራ፥ ከሮብሌ ሱቅ ደጃፍ፥
ቆርቆሮው በሙቀት ሲጮህ፥ ላብ ከአንገት ሲንጠፈጠፍ፥
አንድ ቃል ቀኑን ሙሉ ይሸጣል፤
ሳይመዘን፥ ሳይቀረጥ፥ ከአፍ አፍ ይመላለሳል።

«ኦሪጅናል ነው አቦ!» የጫማውን ሶል አጥፎ፥
«ኦሪጅናል!» ሽቶውን ነፍቶ፥ የባትሪውን ላስቲክ ገፎ፤
ሌሊት በግመል የገባ፥ ቀን በባጃጅ የሚወጣ፥
ኦሪጅናል ያልሆነ ዕቃ፥ እዚህ ሰፈር መቼ መጣ!
«ኮፒው ስንት ነው?» ብላ አንዲት የጉርሱም ሴት ብትጠይቀው፥
«ኮፒም አለ» አላት፥ «ግን ኦሪጅናል ኮፒ ነው።»

እኔ ጎኑ ተቀምጬ ሰዓት እጠግናለሁ፥
ሆዳቸውን በመርፌ ከፍቼ የተደበቀውን አያለሁ፤
ፊቱ ላይ ትልቅ ስም፥ ውስጡ የፕላስቲክ ጥርስ፤
ዝም እላለሁ፥ ሰዓቱን እስከቆጠረ ድረስ።

ሰውም እንዲያው ነው። «ኦሪጅናል የድሬ ልጅ»
ይሉኛል፤ አባቴ የመናዊ፥ እናቴ የጨርጨር፥
ያደግሁት ከዚራ፥ ከአንድ ግሪክ ዳቦ ቤት ደጅ፤
አራት ቋንቋ አወራለሁ፥ የአንዱንም ጥግ ሳልነካ፤
ኦሪጅናል ማለት ድሬ ላይ ድብልቅ ማለት ነው ለካ።

ማክሰኞ ቀበሌ ሄድኩ፥ የቤቱን ስም ላዛውር።
ልጅቷ ወረቀቱን በመስኮቱ ብርሃን አየችው፥
ማኅተሙን በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው፤
«ይኼ ኮፒ ነው» አለችኝ፥ «ኦሪጅናሉን ይዘህ ና።»

ኦሪጅናሉን ደጫቱ ወስዶታል።
ያ በጋውን ሙሉ አሸዋ፥ ልጆች ኳስ የሚራገጡበት፥
ሰልባጅ የሚነጠፍበት፥
አንድ ሌሊት ብድግ ብሎ፥ በር ሳያንኳኳ ገባና፥
ሳጥኑን ወሰደ፤
በሳጥኑ ውስጥ ወረቀቱን፤
ሳጥኑን አንቃ የያዘችውን እናቴን፥ ሻምሲያን።

ይህን ለልጅቷ አልነገርኳት። «ኦሪጅናሉ ጠፍቷል» አልኳት።
«እንግዲያው ኮፒው ብቻውን አይሠራም» አለች፥ ቅር እያላት።
እውነቷን ነው።
ጠረጴዛው ላይ ግን እጄን አየሁት፤
አውራ ጣቴ ወደ ውጭ የታጠፈች፥ ጥፍሬ ሰፊ፥
የሻምሲያ እጅ፥ እንዳለ፥
ማኅተም የሌለበት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ተራዬ ተመለስኩ።
አንድ የሹፌር ረዳት ሰዓት አንስቶ፥ ጆሮው ሥር አስጠግቶ፥
«ኦሪጅናል ነው?» አለኝ።
ሮብሌ ከወዲያ በዓይኑ ጠቀሰኝ፥ «በለው እንጂ አቦ» እንደማለት።
«ኮፒ ነው» አልኩት።
«ግን ይሠራል።»