ሰንበትን የጠበቀ ጥያቄ

ላፕቶፔ አርጅቷል። ሲከፍቱት ያቃስታል፣
ማራገቢያው ጮሆ ጎረቤት ያስነሣል።
«ከእንግዲህ አላግዝህም፣ ዘመንህ አልፏል»
ይለኛል ዊንዶውስ፣ እንደ ቤት አከራይ በሬን እየመታ፣
እኔም «ነገ» ስለው ጠዋት፣ «ነገ» ስለው ማታ።

ልጄ ሂላ መጣች፣ ዓርብ ቀን፣ ከቤርሼባ በባቡር፣
ጥፍር በምታህል ፍላሽ አዲስ ሥርዓት ይዛ፣ የሚሠራ ያለ ብር።
«ዊንዶውስ ይብቃህ፣ አባ፤ ይኼ ሊኑክስ ነው፣
ጌታ የለበትም፣ ሰው ለሰው የሠራው።»
ምልክቱን አሳየችኝ፦ ጥቁር ካባ የደረበች፣ ሆደ ነጭ ወፍ፣
በዚህ በቂርያት ጋት ፀሐይ እንዴት ልትተርፍ?
«መብረር ትችላለች?» «አትችልም።» «ታዲያ በምን መጣች?»
«እንደ እናንተ፣ በእግሯ» ብላ ሳቀች።

እኔ የምፈራው ለዕድሩ መዝገብ ነው፤
አርባ ሦስት አባወራ፣ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ማንን የት ቀበርነው፣
እንደ ምስር ጠጠር በአንድ ጣቴ የለቀምኩት ፊደል፣
ዓሥራ ሁለት ዓመት፣ ከማሸጊያው ቤት ስወጣ፣ ከፈረቃው ደወል።
«ገልብጬዋለሁ» አለች። ደግማ አሳየችኝ። ደግሜ ጠየቅኳት።

የቋንቋ ዝርዝር መጣ። ቁልቁል ስትወርድ እጇን ያዝኩት፦ «አማርኛ» ይላል!
በየቢሮው ደጅ የለመንኩት ቋንቋ ወፏ ቤት ተቀምጦ ኖሯል።
ቀጥሎ፦ «በዲስኩ ያለው ሁሉ ይደመሰሳል። ልቀጥል?»
ጣቴ አየር ላይ ቀረ፣ እንደ ምስክር ጣት፣ ሊምል ነው ላይምል።

ተጫንኩ። መስመሩ መሙላት ጀመረ፣ ዓሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ከመቶ፤
ስልሳ ሁለት ላይ የሰንበት ጥሪ ጮኸ፤ ከተማው ዝም አለ፣ ሁሉም ቤቱ ገብቶ።
ሂላ እጇን ሰበሰበች። እኔም ሰበሰብኩ።
አይነካ፣ አይጠፋ፤ እንደበራ ተውኩ።

ሌሊት ለውሃ ስነሣ፣ ሥራውን ጨርሶ፣
አንድ ጥያቄ ብቻ ቆሟል፣ ጨለማውን ጥሶ፦
«ስምህ ማን ይባላል?»
ከሥሩ ባዶ ሳጥን። በሳጥኑ አንዲት ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች፣
እንደ ታጋሽ ሰው ዓይን ትርገበገባለች።

እኔን አንድ ጊዜ ጠይቀውኛል፣ በመቀበያው ጣቢያ፣ በአሽቀሎን፣ ሰልፍ ላይ።
«አስረሳኸኝ» አልኩ። እናቴ ያወጣችው፣
ወንድሜን በቀበረች በዓመቱ፣ እኔን ያቀፈች ጊዜ።
«አስ… ምን?» አለች ጸሐፊዋ። ሰዓቷን አየች፤ ከኋላዬ ያለውን ሰው አየች።
«አሳፍ» ብላ ጻፈች፣ ከቀኝ ወደ ግራ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም፣
«ያለው ሁሉ ይደመሰሳል፣ ልቀጥል?» ያለኝ የለም።

ይኼ ዕቃ ግን ጠበቀ።
ጎረቤት ለሰላምታ ገብቶ አየውና ሳቀ፤
አልተቆጣ፣ ሰዓት አላየ፣ «ቀጣይ!» አላለ፣ አልተሳቀቀ፤
ምናልባትም ከኔ ይልቅ፣ ሰንበትን ጠበቀ።

ሦስት ኮከብ ሲወጣ ሂላ ወንበር ሳበችልኝ። «አሳፍ ልበል?»
መነጽሬን ጠረግኩ። በአንድ ጣት፦
አ። ስ። ረ። ሳ። «ኸ»ን ፍለጋ ብዙ ቆየን፣
አዲሱ ሥርዓት የት እንደ ደበቃት ሁለታችንም አላወቅን።
ኝ።

መዝገቡን ስከፍተው ግን ፊደሉ ሁሉ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፤
አርባ ሦስት ባዶ ቤት፣ አንድ ሰው የማይታይበት።
«የድሮውን ፎንት እጭነዋለሁ፣ አትደንግጥ» አለች።
«ቆይ» አልኳት። እኔም እኮ፣ በገዛ እጄ፣
የአራተኛ ፎቁን ሰው «ሞሼ» ብዬ ነበር የጻፍኩት።

ስልኩን አነሣሁ።
«ሃሎ፣ ይቅርታ በማታ፣
ለዕድሩ ነው… ስምህ ማን ነበር? የድሮው።»
ከዚያ ወዲያ ረጅም ዝምታ፣
የቴሌቪዥን ድምፅ ሲቀንስ፣
ወንበር ሲንቀሳቀስ።